ሳትፈቅድ የተገጣጠመው ሮቦት

ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ትንሽ የፕላስቲክ ሮቦት ታቅፋለች።

«ማን ክፈቺው አለሽ?» አለች ባለ ሮቦቷ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ካርቶን ውስጥ! እንዳንቺ አኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን፣ የሚወድ ሰው የሮቦት ሞዴሉን ሳይገጣጥም ያስቀምጣል?»

«አኒሜ ማየት የጀመርሽው በእኔ ፍላሽ ነው። ዛሬ አንቺ ልታስተምሪኝ?»

«ለልደትሽ ላስደስትሽ ብዬ እኮ ነው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መመሪያው በጃፓንኛ ስለሆነ ሥዕሉን እያየሁ ነው የገጣጠምኩት።»

«የወንድሜ ነበር። አብረን እንገጣጥመዋለን ብሎኝ፣ ሳንጀምረው ታመመና ሞተ።»

«ውይ! አልነገርሽኝም እኮ።»

«አትንኪው ብዬሻለሁ! ከዚያ በላይ ምን ልበልሽ?»

«በቃ፣ ልፍታውና ካርቶኑ ውስጥ ልመልሰው።»

«በሙጫ አጣብቀሽው በምን ይፈታል? ደግሞ እዪው፣ ግራ እጁን በቀኝ በኩል ነው የገጠምሽው!»

«እሺ፣ እሱን እንኳ ላስተካክለው።»

«እጅሽን ሰብስቢ! እንዲሁ ይሁን!»

ከዚያ በኋላ እስከ ቴፒ ድረስ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ዓይኔ ሳላስበው ወደ ሮቦቱ ይሄድ ነበር።