ከስድስተኛው ፎቅ የሚወርድ መሮ

ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ ፊዚክስ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ አጎቴን በሚያሠሩት ሕንፃ በር ላይ አገኘኋቸው። ሠላሳ ዓመት ግንበኞችን የመሩ አለቃ ናቸው። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ዐይኔ ልጃቸው ላይ አረፈ። አንገቷ ሥር በፋሻ ታሽጎ፣ እዚያው ከግንቡ ግርጌ ሲሚንቶ ታቦካለች።

«ምን ሆና ነው ጋሼ?»

«ኧረ ምንም አይደል ልጄ። ትናንት መሮ ወርዶባት ነው። ቀላል ዕቃ ስለሆነ ጫር አድርጓት አለፈ።»

ደሜ ፈላ። በዚያ ሕንፃ ጡብ በገመድ ይወርዳል፤ መዶሻ፣ መሮና ብሎን ግን «ራሳችሁን!» ተብሎ ይጣላል። ቀላል ዕቃ ቀስ ብሎ ይወርዳል ባዮች ናቸው። አለማወቅስ ይማሩታል፤ አለማወቅ አለቃ ሲሆን ግን ሰው ይጨርሳል!

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ መሬት ስትስብ ኪሎ አትጠይቅም። የጡቡም የመሮውም ፍጥነት የሚጨምረው በአሥር ሜትር በሰከንድ በሰከንድ ነው።»

«ሰከንድን ሁለቴ መጥራት ምን አመጣው? አንዴ ቢሉት አይሰማም?»

«የመጀመሪያው ፍጥነቱን ይነግረናል፤ በአንድ ሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚሄድ። ሁለተኛው ያ ፍጥነት በየሰከንዱ እንደሚያድግ ይነግረናል። መሮው ከእጅ ሲለቀቅ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ከአንድ ሰከንድ በኋላ በሰከንድ አሥር ሜትር ይሮጣል፤ ከሁለት በኋላ ሃያ። ከስድስተኛው ፎቅ እስከ ታች ደግሞ ሁለት ሰከንድ ነው። ሲደርስ አስፋልት ላይ በሰዓት ሰባ ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና ያህል ይፈጥናል!»

«ላባም እንደ ጡብ ይወድቃል በዪኛ!»

«ላባን አየር ይይዘዋል። መሮን አየር ምን ያደርገዋል?»

«ወረቀት ላይማ ሁሉ ነገር ይወድቃል» ብለው ሳቁ። ልጃቸው በፋሻ ታስራ መሳቃቸው አንገበገበኝ።

«እንግዲያው እርስዎ ራስዎ ይጣሉት!» አልኳቸው።

ከሥር ሰው ሁሉ እንዲርቅ አደረግንና አሸዋው ላይ ሰፊ የኮምፔንሳቶ ጣውላ አነጠፍን። አጎቴ ስድስተኛው ፎቅ ወጥተው በአንድ እጃቸው ጡብ፣ በሌላው መሮ ይዘው፣ «ራሳችሁን!» ብለው እኩል ለቀቁ። እኩል ወደቁ። ጡቡ ተፈረካከሰ፤ መሮው ኮምፔንሳቶውን በስቶ ተተከለ።

ወርደው መሮውን በአንድ እጅ ሳቡት፤ እምቢ አለ። በሁለት እጃቸው ነቀሉት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የትናንቱን የጣልኩት እኔ ነኝ» አሏት ለልጃቸው። «ግን እኮ ጮኼ ነበር!»

«ሰምቻለሁ አባዬ። ምንድን ነው ብዬ ቀና ስል ነው ያገኘኝ።»

የእኔ ንዴት ግን አልበረደም። ሳይቃጠል በቅጠል እያልን የምንተርት ሰዎች ለማመን የገዛ ልጃችን ደም ያስፈልገናል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስማር እንኳ በገመድ በታሰረ ባልዲ ይወርዳል። ሲሚንቶ የሚቦካው ከግንቡ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ነው፤ ያለ ራስ ቁር የሚገባም የለም። ይኸው ዓመቱ ሊሞላ ነው፣ አንድ ሰው አልደማም። ባለፈው ሳምንት አንድ ግንበኛ «ይሄ ሁሉ ገመድ ሥራ ያጓትታል» ቢላቸው፣ አጎቴ መሮውን ከፊቱ አኖሩለትና ጮኹበት፦

«እንግዲያው ሂድ፣ ልጅህን አምጥተህ ከታች አቁማትና ጣለው!»