ስሙ የእሱ፣ ጫማው የማን?

አንባቢ ሆይ፣ ልጅ የወለደ ሰው ወደ ሌላ ግዛት ሲሻገር አባትነቱን ኬላው ላይ አስረክቦ ነው እንዴ የሚያልፈው?

አንዲት ልብስ ሰፊ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ መስሏት ኖረች። ባሏ የስሚንቶ ፋብሪካ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሌላ ግዛት ሲሄድ ልጃቸው ገና ድክ ድክ ትል ነበር። በዚያው ቀረ። ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር አጎቷ፣ "ክስ ያቆራርጣል፤ አንጀቱን የሚያባባ ነገር እንላክለት" ብለው መከሩ። በየዓመቱ የልጅቱ እግር ወረቀት ላይ ይሰመራል፤ ወረቀቱን የአጎትየው የድሮ ባልደረቦች ያደርሳሉ፤ አባት ልኩን አይቶ ጫማ ይልካል። ይኸው ነበር የሽማግሌ ፍርድ! ለምግብም፣ ለሕክምናም፣ ለትምህርትም አንድ ጥንድ ጫማ! እሱም ቢሆን የመጣው ሁለቴ ብቻ ነው።

አንድ ማለዳ አጎት ውክልና ሊያድሱ ፍርድ ቤት ቢሄዱ፣ የእህታቸውን ልጅ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቅጽ ስትሞላ አገኟት።

"አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"የልጅ ቀለብ ልጠይቅ ነው፣ ጋሼ።"

"ከማን?"

"ከጎረቤት ነዋ! ከአባቷ እንጂ ከማን?"

አጎት ግራ ቀኙን ቃኙ። "ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ደግሞስ የዚህ ዳኛ እጅ እዚያ ድረስ ይደርሳል? የስፌት መኪናሽን ከድነሽ በየአውቶቡሱ ልትንከራተቺ ነው?"

"እኔም እንደዚያ እየመሰለኝ ነው የተቀመጥኩት። ጸሐፊዋን ስጠይቃት ግን ማመልከቻው እዚሁ ይገባል፣ ፍርድ ቤቱ ራሱ እዚያ ላለው ፍርድ ቤት ይልከዋል አለችኝ። ሲፈረድ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይመጣል። የሚንከራተተው ወረቀቱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።"

"አባቴን ከሰሰችው ብላ ልጅሽ ብትጠላሽስ?"

"ሰሌዳው አይታያትም፣ መነጽር ያስፈልጋታል ብላ አስተማሪዋ ላከችብኝ። እስቲ ይንገሩኝ፣ የዓይኗን ልክ በየትኛው ወረቀት ላይ ላስምር?"

አጎት ኮፍያቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አደረጉ። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ሲመክር አንደበተ ርቱዕ፣ መነጽር ግዛ ሲባል ዲዳ!

እሷ ወደ ቅጹ ተመለሰች። "እስካሁን ከአባት የተደረገ ድጋፍ ካለ ይገለጽ" ይላል። "ሁለት ጥንድ..." ብላ ጀመረች።

"እሱን አትጻፊ" አሉ አጎት።

"ለምን? ባልወደውም የሰጠውን አልክድበትም።"

"አልሰጠም።" ኮፍያቸውን አውልቀው ያሹት ጀመር። "ወረቀቱን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው እያሉ ሹፌሮቹ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ልጅቷ በር በሩን ስታይ አላስችል አለኝ። ሁለቱንም የገዛሁት እኔ ነኝ።"

እስክሪብቶዋን ከቅጹ ላይ አነሳች። "አባዬ፣ ጫማው ልክክ አለኝ ብላ ልጄ የጻፈችው ደብዳቤስ?"

"ቤቴ አለ። ምን ብዬ ልላከው?"

"ጋሼ፣ እርስዎ ጫማ ገዙ፣ እሱ ምስጋና በላ። ይህን ብጽፍለት ኖሮ ዳኛው ፊት ረድቻለሁ ብሎ ደረቱን ይነፋ ነበር እኮ!"

 ሽማግሌው የአባትየውን ስም ላድን ብለው ለካ መደበቂያ ሠርተውለታል።

"ምስክር ያስፈልጋል?"

"ያስፈልጋል።"

"እስክሪብቶውን አምጪ። ሰው ከሰማም ይስማ።"

ጸሐፊዋ ማኅተሟን አሳረፈች፤ መጥሪያው በሳምንቱ ይወጣል አለች። ልጅቱ የምትጠብቀው ከእንግዲህ የሹፌር ወሬ ሳይሆን የተቆረጠ ቀን ነው። እናት ከስፌቷ አትነሳም፤ የአባት ድርሻም በየወሩ በሕግ ይመጣል እንጂ በልመና አይመጣም። ደረጃውን ሲወርዱ አጎት፣ "እስከዚያ መነጽሩን እኔ..." አሉ።

"እሺ። ግን በራስዎ ስም!"

አንተስ፣ ስድስት የእግር ልክ ኪስህ ውስጥ ያጨቅህ አባት? ልጅህ ስንት ቁጥር ጫማ እንደምታደርግ ታውቃለህ? ለሹፌር ጆሮ አታንሾካሹክ፤ ችሎት ፊት ቆመህ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ መልስ!