ቶክሲክ ነኝ፣ ተመስገን

እናቴን ዋሽቻታለሁ፣ እህቴ። በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል... ግን እሱ ይቆይ፤ አንቺ መጋረጃሽን ለኪ። ሥራ ላይ ያለ ሰው በወሬ አይያዝም። ወንበር ላምጣልሽ? ሜትሩን ከዚህ በኩል እኔ ልያዝልሽ።

ደስ የሚል ክፍል ነው አይደል? ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባበታል። እናቴ አልጋዋን መስኮቱ ሥር ያስጠጋችው ለዚያ ነው። አሁን ጎረቤት ልትሰናበት ወጥታለች፤ ሻንጣዋ ያውልሽ፣ አልጋው ላይ። ስትመለስ ወደ እኔ ቤት ይዣት እሄዳለሁ። ከዚያ ይሄ ማስተማሪያ ክፍል ይሆናል... ያዘዘችሽ ሰው ነግራሽ የለ? መጋረጃው ወፍራም ይሁን ያለችሽ ከውጭ ድምፅ እንዳያስገባ ነው። ከውስጥ እንዳያስወጣስ አላለችሽም?... እንዲያው ጠየቅሁ።

መማር መቼም ጥሩ ነው። እኔ አንዲት መምህርት አውቃለሁ፤ ስሟን ተይው። በስልክ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ጎበዝ! እርጉዝ ሆና እንኳ አላቋረጠችም። ተማሪዎቿ ከየቤታቸው እሷ ያለችውን ተቀብለው ይላሉ። ሰሞኑን የያዘችው ትምህርት ስለ ቅጽል ነው፤ ያውም ስለ ክፉ ነገር ቅጽል። መጥፎውን ነገር ሁሉ «ባድ» ብሎ ማለፍ የቃል ድህነት ነው ትላለች። እውነቷን እኮ ነው! የሚያስጠላው ለብቻው ቃል አለው፣ የሚጎዳው ለብቻው፣ የሚያሰለቸው ለብቻው። ደግሞ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አትሄድም። ሌላ መምህር ቢሆን ዝናቡ፣ ውሻው፣ መንገዱ ይላል። እሷ ቆጣቢ ናት፤ ምሳሌዋ ሁሉ ከአንድ ሰው አያልፍም። የአማቴ ሾርባ «ኦፉል» ነው፣ ያስጠላል። የአማቴ ሳል «አኖዪንግ» ነው፣ ያሰለቻል። «ማይ ማዘር ኢን ሎው ኢዝ ቶክሲክ!» ተማሪዎቹም ተቀብለው፣ ባንድ ድምፅ፣ «ማይ ማዘር ኢን ሎው ኢዝ ቶክሲክ!» ያላገቡት ሳይቀሩ እኮ ነው። አማት የሌለው ሰው አማቱን ሲያማ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ማስተማር ማለት እንዲህ ነው።

...ሰማሽ? ኩሽና ውስጥ ሳህን መታጠቡ ቆመ። ውሃው ሄዶ ይሆናል።

ምን እያልኩሽ ነበር? አማትየዋ። ከግድግዳው ወዲህ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሹራብ እየሠራች ታዳምጣለች። እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ግን «ማዘር ኢን ሎው» ማለት እሷ መሆኗን ታውቃለች፤ ምራቷ ለእንግዳ የምታስተዋውቃት በዚያ ነው። እናም እናቴ... አማትየዋ ማለቴ ነው፣ አየሽ ምላሴን!... ያ ሁሉ ሰው ባንድ ድምፅ ሲጠራት ደስታዋን አልቻለችውም። እኔ ልጠይቃት ስመጣ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «አንቺ፣ በእኔ እያስተማረችብኝ እኮ ነው! ልጆቹ ሁሉ ያውቁኛል። ይሄ ቶክሲክ የሚሉኝ ግን ምንድነው?» አለችኝ።

እኔ የምሠራው ፋርማሲ ነው። ቃሉን የማውቀው የራስ ቅል ከተሣለበት ጠርሙስ ላይ ነው። ምን ልበላት? ዓይኗን አየሁና፣ «ጠንካራ ማለት ነው፤ ሰው በቀላሉ የማይችልሽ» አልኳት። ዋሸሽ አያሰኝም... ያሰኛል?

ከዚያ በኋላማ ማን ችሏት! ጎረቤት «እንዴት አደሩ፣ እማማ?» ሲላት፣ «ቶክሲክ ነኝ፣ ተመስገን!» ጉልበቷ ቀለል ሲላት፣ «ዛሬስ ከትናንት ይልቅ ቶክሲክ ነኝ።» እኔንም በስልክ፣ «ልጄ፣ ቶክሲክ ሁኚልኝ» ብላ መርቃኛለች። መምህርቷ ይሄን ሁሉ በጆሮዋ እየሰማች አንድ ቀን አላረመቻትም። ትዕግሥት ይሉሻል ይሄ ነው! የተማሪዎቿን ስህተት እኮ ገና ከአፋቸው ሳይወጣ ነው የምታርመው።

ባለፈው ሳምንት የዚህ ቤት አባወራ፣ ወንድሜ፣ ክሊኒክ ይዟት ሄደ። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት፣ እማማ?» ሲላት፣ ቀና ብላ፣ «ቶክሲክ ነኝ፣ ልጄ!» ሐኪሙ የልብ ማዳመጫውን ጥሎ ብድግ! «ምን ጠጡ? መቼ ጠጡ?» ነርስ ተጠራች፣ ሆዷ ይታጠብ ተባለ። «ኧረ ሾርባ ነው የጠጣሁት!» ብትል፣ «ማን የሠራው ሾርባ?» አላት አሉ። እንኳንም ራሷ ሠራችው... ሳቂ፣ ሳቂ፤ እኔም ስሰማ ስቄያለሁ። ወንድሜ መሬት መሬቱን እያየ ነገሩን አስረዳ። ሐኪሙ ደግሞ ቅን ሰው ነው፤ ሁለተኛ እንዳትሳሳት ብሎ ትርጉሙን ነገራት። መርዘኛ ማለት ነው አላት።

እሷ አልሳቀችም። ቤት ገባች፣ ሹራቧን ጠቀለለች፣ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች። ለማንም ክፉ አልተናገረችም። እኔን ብቻ፣ «አንቺ ፋርማሲ አይደለም እንዴ የምትሠሪው?» አለችኝ።

በቃ።

ይሄኛው ጎን አላጠረም? እንደገና ለኪው እስቲ። ልክ ማወቅ ከባድ ነው እኮ። የመስኮቱን ልክ እስከ ጣት ድረስ የሚያውቅ ሰው አለ፤ የራሱን ልክ ግን... እኔንም ቁጠሪኝ። ያን ዕለት እውነቱን ብነግራት፣ ሻንጣዋን ያን ዕለት ታነሳ ነበር። የምትመጣው ወደ ማን ነው? ወደ እኔ። የእኔ ቤት ደግሞ ጠባብ ነው፣ ባሌ ነጭናጫ ነው፣ ልጆቹ የሚተኙት ሳሎን ነው። «ጠንካራ ማለት ነው» ያልኳት ይሄን ሁሉ በልቤ ቆጥሬ ነው። ለእሷ አዝኜ ብቻ መስሎሽ ነበር? እኔም መስሎኝ ነበር። አንዷ በእንግሊዝኛ ሰደበቻት፣ ሌላዋ በገዛ ቋንቋዋ አታለለቻት። የትኛው ነው የሚብሰው? እስቲ ለዚህ ቅጽል ፈልጊልኝ... አንቺን አይደለም፣ ኩሽና ሆኖ የሚሰማውን ሰው ነው።

የውጭው በር ተከፈተ። መጣች መሰለኝ። እንግዲህ ልነሳ። ግን ያቺን የማውቃትን መምህርት ሳልመርቅ ብሄድ ነውር ነው። ድምፄን ትንሽ ከፍ ባደርገው አትቀየሚኝም?

ዕድሜ ይስጣት። በሆዷ ያለውን ወንድ ልጅ በሰላም ትታቀፈው። አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ለወግ ለማዕረግ ታብቃው። እሱም እንደ እናቱ የተማረች፣ ቃል የማያጥራት ሚስት ያምጣላት፤ ወስደውም ከእነሱ ጋር ባንድ ጣሪያ ሥር ያኑሯት። እሷ መቼም ቋንቋውን ታውቃለች፤ ጠንካራ ማለት ነው ብሎ የሚዋሻት ሰው አያስፈልጋትም... እያንዳንዷ ቃል፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ጥርት ብላ ትግባት።

አሜን በይ እንጂ!

አንቺ ግን፣ እህቴ፣ ልክ ልትወስጂ መጥተሽ ሐሜቴን አሰማሁሽ። ይቅር በይኝ።