ሩዙ ሳይደርስ የሚታቀፍ እንቁላል

የሜኮንግን ወንዝ በሚያሻግረው ጀልባ ላይ፣ ሞተር ብስክሌቶቹ ተጠጋግተው ከቆሙበት ጥግ፣ አንድ ሽማግሌ የዳክዬ እንቁላል የሞላ ቅርጫት በጉልበታቸው መሃል አጥብቀው ይዘው ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ጎን በቀር ሌላ ቦታ አልነበረምና ጎንበስ ብዬ ሰላምታ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

«የአናጢው የሉክ ልጅ ነኝ አጎቴ። ኪየን እባላለሁ።»

«የሉክ! አባትህ የሠራልኝ በር እስከ ዛሬ አይገጥምም። ሰላም በልልኝ ግን። እኔ ሆዋን ነኝ፣ ዳክዬ ነጂው። አንተስ አናጢ ሆንክ?»

«የለም፣ ከተማ ውስጥ ክትባት በሚሠራበት ተቋም ነው የምሠራው። የወፍ ጉንፋን ሰው ላይ ቢነሳ የሚያስፈልገውን ክትባት እያዘጋጀን ነው።»

ፈገግታቸው ጠፋ። ቅርጫቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«ታዲያ ልጄን የወሰዳችሁብኝ እናንተ ናችኋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ብቸኛ ልጃቸው ዲየም ልብስ ሰፊ ናት። ክትባቱ በሚሞከርባቸው በጎ ፈቃደኞች ዝርዝር ውስጥ ተመዝግባለች፤ የመጀመሪያውን መርፌ የምትወጋውም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ሃያ አራት ዓመቷ ስለሆነ የማንም ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ እሷ ግን «አባቴ ካልመረቀኝ አልወጋም» ብላለች። አባትየው የሚሻገሩት ሊመርቁ ሳይሆን ስሟን ሊያሰርዙ ነው። እንቁላሉ ደግሞ ሐኪሙ እንዳይቀየማቸው የያዙት እጅ መንሻ ነበር።

«እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት» አሉ። «እስቲ ንገረኝ፣ አንተ የተማርከው! በመንደራችን ማን ታመመ? ጤነኛ ልጅ ምን አድርጋ ነው የምትወጋው?»

«አሁን ማንም አልታመመም፣ እውነትዎን ነው። የጎረቤቶችዎ ዶሮዎች በሁለት ቀን ያለቁበትን ዓመት ያስታውሳሉ?»

«እንዴት ይረሳኛል! የእኔ ዳክዬዎች ግን አንዲት አልጎደለችም። ከዶሮ ጋር አታወዳድርብኝ።»

«በሽታው ዳክዬ ውስጥ ገብቶ ዳክዬዋ ምንም ላትሆን ትችላለች አጎቴ። እየዋኘች፣ እየበላች ይዛው ትዞራለች። ከማሳ ማሳ ሲነዷት አብሯት ይሄዳል።»

«ዳክዬዎቼን ሌባ አደረግሃቸው እኮ!»

«ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። መዛል የጀመሩትን ዶሮዎችስ ምን አደረጋችኋቸው?»

«ሳይሞቱ አርደን በላናቸዋ! የሰው ሲሳይ እንጣል እንዴ? እኔ ራሴ ስድስቱን ገነጣጥዬ ለጎረቤት አካፍያለሁ።»

ይህን ሲሉ ኩራት እንጂ ጸጸት አልነበረባቸውም። አልፈረድኩባቸውም። ችግር ያስተማረውን ቁጠባ አንድ የተማረ ወጣት በጀልባ ላይ ሊስቅበት አይገባም። ሆኖም የታመመ ወፍ ሲታረድና ላባው ሲነቀል ሕመሙ በእጅና በትንፋሽ ወደ ሰው ሊሻገር እንደሚችል፣ እስከ አሁን የተያዙት ጥቂቶች ቢሆኑም ከእነሱ ብዙዎቹ እንደሞቱ በዝግታ ነገርኳቸው። አንድ ቀን በሽታው ከሰው ወደ ሰው መተላለፍን ከለመደ ደግሞ ወንዝ አያቆመውም።



«እሺ፣ መጣ እንበል» አሉ። «ያኔ ይሥሩታ! ደግሞስ መሞከሪያው ሁልጊዜ ድሃ የሆነው ለምንድን ነው? መድኃኒቱ ሲሠምር ሀብታሞቹ ይወስዱታል።»

«በዚህ አልከራከርዎትም፤ ከዚህ በፊት የደረሰ ነገር ነው። አገራችን ራሷ መሥራት የፈለገችውም ለዚሁ ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ እያንዳንዱ አገር መጀመሪያ የሚያስበው ለሕዝቡ ነው። ያኔ እጃችንን ዘርግተን ወረፋ ከምንጠብቅ፣ ከአሁኑ እጃችን ሥራውን ቢለምድ ይሻላል። ድሃ ላይ ብቻ ይሞከራል ላሉት ደግሞ፣ ቀድመን የተወጋነው የተቋሙ ሠራተኞች ነን። ክንዴ ሁለት ቀን አመመኝ፣ አንድ ሌሊት አተኮሰኝ።»

«ለዚህ ነዋ የከሳኸው!»

«ድሮም ከሲታ ነኝ። በመርፌው ውስጥ ያለው ተሕዋስ የሞተ ነው፤ በሽታውን አይሰጥም። ምንም አያደርጋትም ብዬ ግን አልምልም። ሐኪሞቹ ይከታተሏታል፤ በቃኝ ካለችም የሚይዛት የለም።»

ሽማግሌው አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ዓይኔ ቅርጫቱ ላይ አረፈ።

«አጎቴ፣ ለክትባቱ የሚሆነው ተሕዋስ የሚያድገው በምን ውስጥ እንደሆነ ያውቃሉ? በታቀፈ የዶሮ እንቁላል ውስጥ ነው።»

«ትቀልዳለህ!»

«እውነቴን ነው። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ሩዝ ታጭዶ ዳክዬዎቹ ቃርሚያውን እንዲለቅሙ እንቁላሉን መቼ ያስታቅፋሉ?»

«ይሄም ጥያቄ ሆኖ!» ድምፃቸው ሞቅ አለ። «ሩዙ ገና አረንጓዴ ሳለ ነዋ! ለመፈልፈል ሃያ ስምንት ቀን፣ ጫጩቱ እስኪጠነክር ሌላ ወር። ማጭዱን ሲያይ የሚያስታቅፍ ሰው፣ ዳክዬው ሲደርስ ማሳው ታርሶ ያገኘዋል።»

«ክትባትም እንዲሁ ወራት ይፈልጋል። በዚያ ላይ በሽታው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያልቁት ዶሮዎቹ ናቸው። ያኔ እንቁላሉን ከየት እናመጣለን?»

አጎቴ ሆዋን ከቅርጫቱ አንድ እንቁላል አንስተው አገላበጡት።

«ሩዝ እኮ ቀኑን ይናገራል» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ በሽታ ቀኑን አይናገርም።»

«አይናገርም።»

«እንግዲያው ይበልጥ ቀደም ብሎ ነው የሚታቀፈው።» ይህን ያሉት ለእኔ አልነበረም።

ልጃቸው የምትወጋበት ክሊኒክ በተቋሙ ግቢ ውስጥ ስለሆነ አብረን ሄድን። ከተቋሙ በር ስንደርስ ዘበኛው ቅርጫቱን አገደ። «ከዳክዬ ግቢ የመጣ ነገር አይገባም አባት።» ሽማግሌው ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ እኔን አዩና ተዉት። «ልክ ነው፤ ዳክዬ ይዛው ልትዞር ትችላለች» ብለው ቅርጫቱን ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አኖሩት።

የክትባቱ እንቁላሎች ወዳሉበት ክፍል መግባት ባይቻልም በመስታወት አሳየኋቸው። ነጭ የለበሰች ሴት እያንዳንዱን እንቁላል በመብራት ላይ እየያዘች ደም ሥሩን ትመረምራለች። አጎቴ ሆዋን ግንባራቸውን ከመስታወቱ ጋር አጣብቀው ብዙ ቆዩ።

«አሥር ቀን ሆኖታል» አሉ በመጨረሻ።

በክፍሉ በር ላይ የተሰቀለውን መዝገብ አየሁ። አሥረኛ ቀኑ ነበር።

«ያቺኛዋን ግን ታውጣት፤ ደም ሥሯ ደብዝዟል።» ሴትዮዋ ሳትሰማቸው ያችኑ እንቁላል ለይታ አስቀመጠች። ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ሥራው የባዕድ አስማት ሳይሆን እሳቸው ዕድሜ ልክ የሠሩት፣ በትጋትና በንጽሕና የተያዘ ሥራ እንደሆነ ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል።

ዛሬ የአጎቴ ሆዋን ዳክዬዎች ከቤትና ከዶሮ ርቀው በታጠረ ግቢ ያድራሉ። የታመመ ወፍ ሲያዩ ቢላ አያነሱም፤ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ይጠራሉ። ጎረቤቶቻቸውም እሳቸውን እያዩ ለምደዋል። ሙከራው በስንት ዓመት እንደሚያልቅ፣ ይህ ክትባት ነገ ለሚነሳው በሽታ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። የሠለጠኑ እጆች፣ የተጠበቁ ዶሮዎችና የሚያውቅ ሕዝብ ያለው አገር ግን ያቺ ቀን ስትመጣ ሥራውን ከዜሮ አይጀምርም።

በጀልባው በተሻገርንበት በዚያ ዕለት ዲየም ከክሊኒኩ በር ላይ እጆቿን አጣምራ ቆማ ነበር። አባቷን ስታይ ዓይኖቿን ወደ መሬት ጣለች።

«ልታሰርዘኝ መጣህ አባባ?»

አጎቴ ሆዋን የአንገትጌዋን ቁልፍ አስተካከሉላት።

«ግራ ክንድሽን ስጫቸው» አሏት። «በቀኝሽ ትሰፊበታለሽ።»