እናት በውሰት፣ ለሐሙስ ብቻ

ግቢ፣ ግቢ አመተ ማርያም። በሩን መለስ አድርጊው፤ የዘንድሮ ብርድስ አጥንት ይሰብራል። ዛሬ ጠዋት የእንስራው ውሃ አፉ ላይ ረግቶ በጭልፋ እጀታ ሰብሬ ነው የቀዳሁት። ወደ እሳቱ ጠጋ በይ። እህትሽ እንዴት ሆነች? ገንፎውን ትበላለች? ጡቷስ ሞላላት? ሕፃኑ ወንድ ነው አይደል... እልልታውን በአጥር በኩል ሰምቼ እኔም ከዚሁ ሆኜ አቅልጬዋለሁ። እሰይ! ክርስትናው መቼ ይውላል?

እ? ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ስኳር! አንድ ኪሎ ሙሉ! ለእኔ ለበሰለች ነው፣ ወይስ እደጅ ፀሐይ ሲሞቁ ላገኘሻቸው ለእማማ ወለተሐና? ሁለት ክረምት እዚህ እኔ ጋ ሲከርሙ አንድ ቀን ስኳር መጥቶላቸው አያውቅም፤ ዛሬ ምን ተገኘ ብዬ ነው። ረክሶ ይሆናል መቼስ። እኔ ገበያ ከወጣሁ ቆየሁ።

ስትገቢ ያልሻቸውን ሰምቻለሁ። "እማማ፣ ልጅዎ ሐሙስ ቤት ይምጡልኝ ብሏል" አልሻቸው። ደግ አደረግሽ፤ መልእክተኛ ምን ዕዳ አለበት? ለእኔ ደግሞ አሁን "ለሐሙስ ብቻ ነው፣ ማታውን እንመልሳቸዋለን" ብለሽ አንሾካሾክሽልኝ። እሱም ደግ ነው... እኔ የሰው ስም ማንሳት አልወድም፤ የንስሐ አባቴ አባ ገብረ ሕይወት ሐሜት ከልክለውኛል። ስለዚህ የአንድ የለሚ ሰው ጨዋታ ልንገርሽ። ለሚ ሩቅ ነው። የጎረቤቴን ነገር እንዳይመስልሽ፤ ጎረቤቴ የእህትሽ ባል ነው፣ እርሱን ደግሞ ማን ያማዋል?

ይህ የለሚ ሰው እንዴት ያለ ብልህ መሰለሽ! እናቱ በስማቸው የሚገብሩበት ቦታ ነበራቸው፣ በላዩ አንዲት ሳር ቤት። "እማዬ፣ ይቺ ጎጆ እያፈሰሰች ትገልሻለች፤ አፍርሼ ባለ ቆርቆሮ ልሥራልሽ፣ እስኪያልቅ ሦስት ወር ጎረቤት ቆዪ" አላቸው። እናት ምን ትላለች? መረቁት። አራት ክፍል አወጣው። አንዱን ለራሱና ለሚስቱ፣ ሁለቱን ለኪራይ፣ አራተኛዋን፣ የጠዋት ፀሐይ የምትገባባትን ግን "ይቺ የእማዬ ናት" ይላል ላየው ሁሉ። አናጢውን "መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ እማዬ ተቀምጣ መንገዱን እንድታይ" ሲለው በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ... ለሚ ሰው ልጠይቅ ሄጄ ሳለሁ ማለቴ ነው። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ይሏታል ይባል የለ? ሊያከራዩዋት ያሰቧትን ክፍልም የእማዬ ይሏታል ለካ።

ታዲያ ምርጊቱ ሳይደርቅ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ካርታ ሳይወጣ ተከራይ አስገባልሻ! እኛ ሞኞቹ "ላም አለኝ በሰማይ" እያልን በሰው ስንስቅ፣ እርሱ የሰማይዋን ላም አልቦ ወተቷን ሸጦ ጨረሰ። "ጀንበር ሳለ ሩጥ" ነው የአባቶቻችን፤ ይሄኛው ጀንበር ሳትወጣ ነው የሮጠው። አንዱን ክፍል አስተማሪ ያዘው። አንዱን የጃንሆይን ፎቶግራፍ በራፉ ላይ የሰቀለ ልብስ ሰፊ። አራተኛዋንስ? ... እስኪ ገምቺ። የመዘዞ ቆዳ ነጋዴ! ያች የእማዬ የተባለች ክፍል እስከ ጣራዋ የበግ ቆዳ ተከምሮባታል። መስኮቷም አልባከነችም፤ ጠዋት ጠዋት ቆዳው ፀሐይ ይሞቅባታል።

አልፈርድበትም እኮ። ቆዳ ጥሩ ተከራይ ነው። አይስል፣ ውሃ አቀብሉኝ አይል፣ ምራት አይቆጣ፣ "ዘጠኝ ወር ተሸክሜህ" ብሎ አይመጻደቅ። ሽታው ብቻ... ለአራስና ለሕፃን አይከብድም? እህትሽን አላልኩም። ለሚም ሰው ይወልዳል ብዬ ነው።

ኋላ ነው ጣጣው የመጣው። ማዘጋጃ ቤቱ "ካርታው በልጅ ስም የሚወጣው ባለቦታዋ ከቤቱ ተገኝተው፣ በአፋቸው 'ለልጄ ሰጥቻለሁ፣ አብሬውም እኖራለሁ' ካሉ ነው፤ ወሰንተኛም ይመስክር" አለ። ቀያሾቹ ሐሙስ ይመጣሉ ተባለ። ሰውየው አሰበ፣ አወጣ፣ አወረደ። ያን ሁሉ ቆዳ አውጥቶ ወዴት ይወስደዋል? ነጋዴውስ ምን ይለዋል? ቀላሉ እናትን ማምጣት ነው። ከሚስቱ መደብ ላይ ለአንድ ቀን አስቀምጦ፣ ነጠላቸውን አስተካክሎ፣ ቀያሾቹ ሲሄዱ ወዳመጡበት መመለስ! ወንፊት እንዋሳለን፣ ሙቀጫ እንዋሳለን፣ ለድግስ ጋን እንዋሳለን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሲሉም እሰማ ነበር... ሳይቸግር እናት ብድርን ግን ገና አሁን ሰማሁ። እኛ ወደ ኋላ ቀርተናል ልጄ፤ ስልጣኔ አልፎን ሄዷል።

እስኪ አንድ ጊዜ ዝም በይ... ይሰማሻል? ሳጥናቸው ነው። በጓዳው በር ገብተዋል። ያ የሚንጣጣው ማጠፊያው ነው፣ ዘይት ካየ ዘመኑ። ሐሙስ እኮ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል፤ እርሳቸው ሌሊት የሚለብሱትን ባና እየጠቀለሉ ነው። ባለፈው ክረምትም አንዴ እንዲሁ ጠቅልለው፣ የሚጠራ ሲጠፋ መልሰው ዘረጉት።

ለአንድ ቀን የሚሄድ ሰው ባና ይጠቀልላል እንዴ አመተ ማርያም? የሟች ባልን ከዘራ ከማዕዘን ያነሣል? ልጄ ጠራኝ ብለዋል። ለሁልጊዜ መስሏቸዋል። አንቺ ደግሞ "ቤት ይምጡ" የሚለውን ለእርሳቸው፣ "ማታውን እንመልሳቸዋለን" የሚለውን ለእኔ ከፍለሽ አመጣሽ። ሂጂና ሁለተኛውንም ንገሪያቸዋ፤ ጓዳው ይኸው ነው፣ አምስት እርምጃ አይሞላም... አትሄጂም? እኔም አልሄድም። አንጀቴ እርር ብሏል፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ ጋ መኖራቸው ከብዶኝ እንዳይመስልሽ፤ እናቴን አልቀበርኩም የምለው እርሳቸውን እያየሁ ነው። ግን የሰው ልጅ የራሱን ቦታ፣ የራሱን መስኮት እየተመኘ እንዲህ ይኖራል?

ይሁን፣ ወደ ለሚያችን እንመለስ። ወሰንተኛ ይመስክር ብለዋል አላልኩሽም? የሰውየው ቦታ በሦስት በኩል መንገድና ወንዝ ነው የሚያዋስነው። በአራተኛው በኩል ያለችው አንዲት ፊደል ያልቆጠረች ባልቴት ናት። ያላት አውራ ጣት ብቻ ነው። ስኳር ደግሞ ትወዳለች፤ ስለዚህ በእርሷ በኩል ግድ የለም... ብቻ ከመፈረሟ በፊት ያስምሏታል። "ባለቦታዋ የት ነው የሚያድሩት?" ይሏታል። ምን ትበል ምስኪን? ሥላሴን ጠርታ "ከቆዳው ጋር" ትበል? ውሸት አታውቅበትም፤ በደህና ጊዜ ያስተማራት የለም፣ አሁን ደግሞ ሸምግላለች።

እኔ የለሚውን ሰው ባገኘው አንድ ነገር እመክረው ነበር። ቆዳው ዛሬ ይውጣ፤ ግድግዳው እንደገና ይለቅለቅ፤ ያቺ ዝቅ ያለችው መስኮት ሦስት ቀን ተከፍታ ትዋል። አልጋ ይግባላት፤ የውሰት ያልሆነ። ያን ጊዜ ያቺ ባልቴት ሐሙስ ገና ሳይጠሯት ተነሥታ ትሄዳለች፤ አውራ ጣቷንም እስከ አንጓዋ ቀለም ነክራ ትፈርምለታለች። ያ ካልሆነ ግን ቀያሾቹ ገመዳቸውን ጠቅልለው ይመለሳሉ። ለሚ ሩቅ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ? አንቺ ግን በዚያ የምታልፊ ከሆነ ንገሪው።

ተነሣሽ? ቆይ፣ ስኳሩን ይዘሽው ሂጂ። አይ፣ በሥላሴ ውሰጂው! ለእህትሽ አጥሚት ውስጥ ጨምሩላት፣ አራስ ናት። እማማ ያለ ስኳር ለምደውታል። በጓዳ በኩል አትለፊ፤ "አሁን እንሂድ?" ብለው ይነሡብሻል።

ለጎረቤቴ፣ ለእህትሽ ባል ደግሞ ምርቃቴን አድርሺልኝ። አደራ፣ ቃል እንዳታጎድይ። ሕፃኑን እግዜር ያሳድግለት። ጥርስ ያውጣ፣ ዳዊት ይድገም፣ ለወግ ለማዕረግ ይብቃ። ትልቅ ቤት ይሥራ፣ ክፍሉ የበዛ፣ መስኮቱ ዝቅ ያለ። በመልክም በጠባይም ቁርጥ አባቱን ይሁን... አባትየው አርጅቶ ጉልበቱ ሲደክም፣ ሌላ ማንም ሳይሆን ይኸው ልጁ ይጡረው። አሜን በይ እንጂ አመተ ማርያም፤ ምርቃት እኮ ነው።