የማለዳ ሰማይ አደራ

ሐዘናችንን ልትካፈሉ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን እናት አብዛኞቻችሁ በመዝገብ ስማቸው ሳይሆን «እትዬ ነጥብ» በሚለው ቅጽል ስለምታውቋቸው፣ እሳቸውም በዚህ ስም ሲጠሩ ፈገግ ከማለት በቀር ቅር ሲላቸው ታይተው ስለማያውቁ፣ ይህን ዜና ሕይወት የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው በዚያው ስም እየጠራቸው እንዲያነብ ፈቃዳችሁን ይለምናል።

እትዬ ነጥብ ታፔላ በመጻፍ ይተዳደሩ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ፤ ለቤቱም የበኩር ልጅ ነበሩ። የቤቱ የፊት ክፍል የአባታቸው ሥራ ቦታ በመሆኑና ቀለማቸው ያልደረቀ ታፔላዎች ግድግዳውን ተደግፈው ስለሚያድሩ፣ እትዬ ነጥብ ሕፃን ሳሉ ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ የሚያዩት የዳቦ ቤቱን፣ የጫማ ሰፊውንና የጥርስ ሐኪሙን ስም ነበር። ጠንከር ሲሉም አባታቸው ከላይ ሆነው ሲጽፉ እሳቸው ከታች መሰላሉን እየደገፉ፣ ፀጉራቸው ላይ የሚንጠባጠበውን ቀለም እየቻሉ፣ ፊደል ጠመም ባለ ቁጥር «አባዬ፣ ወደ ግራ ወደቀ!» እያሉ የሚጮኹ የአባታቸው ቀኝ እጅ ሆኑ። በዚያ ዕድሜያቸው አንድ ሕልም ደጋግመው ያዩ ነበር፤ ግራና ቀኙ ታፔላ ብቻ የተሰቀለበት፣ ከታፔላዎቹ ኋላ ግን አንድም ቤት የሌለበት ረጅም መንገድ፤ አንዱን ታፔላ በጣታቸው ሲነኩት ባዶው ቦታ ላይ በር ይከፈትና ከውስጥ ሰው «ግቢ» ይላቸዋል። እናታቸው ይህን ሲሰሙ «የቀለሙ ሽታ ነው፣ መስኮት ክፈቱላት» ብለው ነገሩን በአጭሩ ቀጩት።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ሲማሩ በሒሳብ ክፍሉን ሁሉ የሚያስከነዱ፣ በስፌት ግን እናታቸውን ተስፋ ያስቆረጡ ተማሪ ነበሩ። ከፍተኛ ትምህርታቸውንም በሒሳብ አጠናቀው እዚያው በተማሩበት ተቋም ምድር ቤት ውስጥ በሚገኘው የኮምፒውተር ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ መስኮት የሌለው፣ ግድግዳው እርጥበት የሚያወጣ፣ ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን የሚያጓራበት ስለነበር፣ ውጭ ሰው በፀሐይ ሲቃጠል እሳቸው ካፖርት ደርበው ይሠሩ ነበር፤ ከዚያ ወጥተው ደረጃውን ሲወጡም የቀኑ ብርሃን ለጥቂት ጊዜ እንደ ሕልም ይሆንባቸው እንደነበር ይናገሩ ነበር።

ሥራቸው ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ ያልገባችሁ ብዙ ናችሁ፤ ታናሽ ወንድማቸውም ከገባው ብዙ ጊዜ አይሆነውም። ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉት በቁጥር ነው፤ ሰው ግን የገዛ ወንድሙን ስልክ እንኳ በቃሉ የማይዝ ፍጡር በመሆኑ ለየቁጥሩ ስም ወጣለት፤ ስሙ ሲጻፍ መረቡ ቁጥሩን ፈልጎ እንግዳውን ከደጁ ያደርሰዋል። በመጀመሪያው ዘመን ስም የሚጠይቀው ሰው ጥቂት፣ ሰጪውም ጥቂት ስለነበር፣ የአገሩ ስሞች ሁሉ በአንድ አረጋዊ የኮምፒውተር መምህር እጅ ነበሩ፤ እሳቸውም በሁለት ትምህርት መካከል ባለች ዕረፍት፣ ለጎረቤት ውለታ እንደሚውል ሰው፣ ያለ አንዳች ክፍያ ይሰጡ ነበር። ዓይናቸው በደከመ ጊዜ ሥራውን ለእትዬ ነጥብ ሲያስረክቡ «ልጄ፣ ስሙ የባለቤቱ ነው፤ ያንቺ ሥራ ጥበቃው ብቻ ነው፤ አደራ» ብለዋቸው ነበርና፣ እትዬ ነጥብ ይህችን ቃል እንደ ውርስ ያዟት። ቅጽላቸውም የወጣው ያኔ ነው፤ ስም ጠያቂው ሁሉ በስሙ መካከል የምትገባዋን ነጥብ እየረሳ «አልከፍት አለኝ» ብሎ ሲደውል፣ እሳቸው ደግሞ ሳይሰለቹ «ነጥቧን! ነጥቧን አይርሷት!» ሲሉ ስለሚውሉ፣ ከዚያ ወዲያ የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ሳይቀር እትዬ ነጥብ ይላቸው ጀመር።

ባለቤታቸውን ያገኟቸው በዚሁ ምድር ቤት ነው። እኒያ ደግ ሰው በአውሮፕላን ማረፊያው ጣቢያ ደመና የሚቆጥሩ፣ ነፋስ የሚለኩ የአየር ጠባይ ተመልካች ነበሩ፤ አንድ ቀን ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት የዝናብ ካፖርት ለብሰው መጥተው ስም እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ በክፍሉ የነበረው ሁሉ በካፖርቱ ሲስቅ ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ወረደ። የጠየቁት ስም «የማለዳ ሰማይ» የሚል ነበር፤ እትዬ ነጥብም በገዛ እጃቸው መዘገቡላቸው፤ ዓመት ሳይሞላም ተጋቡ፤ አሁን በመካከላችን ያለችውን አንድያ ልጃቸውንም ወለዱ። ባለቤታቸው በዚያ ስም በተከፈተች ትንሽ ድረ ገጽ ላይ በየማለዳው ሁለት ሦስት መስመር ይጽፉ ነበር፤ «ዛሬ ሰማዩ እንደ ታጠበ አንሶላ ነው፤ አስጡ» ወይም «ምሥራቁ አኩርፏል፤ ከሰዓት በፊት ቤት ግቡ» የመሰለ ነገር። ልብስ አጣቢዎች፣ ግንበኞች፣ ለሠርግ ድንኳን የሚተክሉ ሰዎች ሳያዩት ሥራ አይጀምሩም ነበር፤ ዝናብ የማያሰጋቸው ሰዎችም ቢሆኑ ቀናቸውን በእሱ ማሟሸት ለመዱ።

ኢንተርኔት ሲሰፋ የስም ጠያቂው ብዛት ከአንድ ሰው አቅም በላይ ሆነና ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ ትልቁ መዝገብ በአንድ ጠባቂ ዘንድ ቀረ፤ ከደንበኛው ፊት ተቀምጠው ስም የሚያስመዘግቡት ግን ብዙ እንዲሆኑና እንዲወዳደሩ ተፈቀደ። አንዳንዱ «ስም በችርቻሮ ሊወጣ ነው!» ብሎ ሲያጉረመርም፣ እትዬ ነጥብ ከምድር ቤቱ ወጥተው ከቁልፍ ቀራጩ ሱቅ በላይ ሁለት ክፍል ተከራዩና የራሳቸውን ስም መዝጋቢ ቢሮ ከፈቱ። ዘመኑ የሽሚያ ዘመን ነበር፤ ሥራም ሱቅም የሌለው ሁሉ ነገ አትርፎ ለመሸጥ የሌላውን ስም ቀድሞ ሊይዝ ይሮጣል። አንዱ የጎረቤቱን ዳቦ ቤት ስም ሊያስመዘግብ ቢመጣ «ልጄ፣ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ያየኸውን ልብስ ሁሉ ታወርዳለህ?» ብለው አሳፍረው መልሰውታል። ስም ገዛሁ ለሚል ደንበኛም ስም እንደማይገዛ፣ ለጊዜው እንደሚያዝ፣ ጊዜው ሲደርስ ካልታደሰ ጥቂት ቆይቶ ወድቆ ለመጀመሪያው አንሺ እንደሚሆን ያስረዱ ነበር፤ «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እውነት ነው፤ የሚያድሰው ግን ሰው ነው» ማለትም ያዘወትሩ ነበር።

የኑሯቸው ትልቁ ስብራት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ባለቤታቸው በጠና ታመው ሆስፒታል በተኙበት ወራት፣ እትዬ ነጥብ ከአልጋው አጠገብ ሳይነሡ፣ የማለዳ ሰማይ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ። ማሳሰቢያው እንደ ደንቡ በኢሜይል ሄዷል፤ የሄደው ግን በራሱ «የማለዳ ሰማይ» በሚለው ስም ወደ ተከፈተው የባለቤታቸው አድራሻ ነበር፤ ያንን የሚከፍቱት ሰው ደግሞ ሞት አፋፍ ላይ ነበሩ፤ ጊዜው ሲያልፍም ስሙ ተዘጋ፣ ከስሙ ጋርም የደብዳቤው ሣጥን አብሮ ተዘጋ። ለሺህ ደንበኛ ያስታወሱ ሴት የገዛ ቤታቸውን ረሱ። ባለቤታቸው ተቀብረው፣ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ እትዬ ነጥብ ድምፃቸውን የሰሙ ያህል ሊጽናኑ ብለው አንድ ማለዳ ስሙን ቢጽፉ፣ ሰማዩ ጠፍቶ ቀይ፣ ሰማያዊና ዝንጉርጉር ጃንጥላ ተደርድሮ ታያቸው። በሌላ ከተማ ያለ አንድ ጃንጥላ ሻጭ፣ ስሙ ወድቆ ስላገኘው፣ በደንብና በሥርዓት አንሥቶት ነበር። እትዬ ነጥብ ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሱ። የባለቤታቸውን ጽሑፍ ልጃቸው በሌላ ስም ብትከፍትም፣ ሰዉ መንገዱን የሚያውቀው በድሮው ስም ነበርና የመጣ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ «በሽተኛ ደብዳቤ አይከፍትም» ብለው፣ ኢሜይሉ ቢላክም ባይላክም፣ ለየደንበኛው በገዛ ድምፃቸው መደወል ጀመሩ። ይህ ልማዳቸው በየከተማው ተወርቶ ደንበኛው ከሌሎች መዝጋቢዎች እየለቀቀ ወደ እሳቸው ሲዛወር፣ አንድ ቀን ከመጡት መካከል ማን ቢኖር ጥሩ ነው፤ ያ ጃንጥላ ሻጭ ነበር፤ የማለዳ ሰማይን ይዞ መጣ። ሰውዬው ጨዋ፣ ሳቂታ፣ ኢሜይል የሚባል ነገር ከፍቶ የማያውቅ ዝንጉ ነው፤ በየዓመቱ ሲደወልለት «እትዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ እኔ ጠፍቼ ነበር!» ይል ነበር። ያለውም እውነት ነበር። እትዬ ነጥብ አንድ ዓመት ብቻ ስልኩን ባያነሡ፣ ኢሜይሉ እንደ ደንቡ ተልኳልና ማንም ሳይወቅሳቸው፣ ስሙ ወድቆ እጃቸው ይገባ ነበር።

ልጃቸው ይህን ባወቀች ጊዜ «እማዬ፣ አንዴ! አንዴ ብቻ ዝም በይ!» ብላ እግራቸው ሥር ወድቃለች። «አደራ በልቼ ባመጣው አባትሽ ተመልሶ አይገባበትም» አሏት። ታናሽ ወንድማቸውም በበኩሉ ሰውዬውን በግልጽ ለምነው እንዲያስለቅቁት ሲመክራቸው «ቁልፉ እኔ እጅ እያለ ብለምነው ልመና አይደለም፣ ማስፈራራት ነው፤ ደግሞስ የሱ ደንበኞች የት ይግቡ?» ብለው መለሱለት። ይህ ማለት ግን አላማራቸውም ማለት አይደለም። በየዓመቱ ያ ቀን ሲደርስ በማለዳ ተነሥተው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቢሮው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ሰማዩን ለረጅም ጊዜ ያዩ ነበር። አንድ ዓመት ቁጥሩን ጀምረው ስልኩን አስቀመጡት፤ ደግመው አነሡት፤ ደግመው አስቀመጡትና ወደ ቁልፍ ቀራጩ ወርደው የቁልፉ ብናኝ በፀሐይ ሲያበራ እያዩ ተቀመጡ። ቁልፍ ቀራጩ የዚያን ዕለት እትዬ ነጥብ የታመሙ መስሎት ነበር። አመሻሹ ላይ ወጡና ደወሉ።

ባለፈው ዓመት ያደረባቸው ሕመም እየጠና ሄዶ አልጋ ባስያዛቸው ጊዜ ቢሮውን ለልጃቸው አስረከቡ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነቅተውም ተኝተውም የልጅነት ሕልማቸው እየተመለሰ ይመጣባቸው ነበር፤ «መንገዱ ላይ ነኝ» ይላሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፤ «ታፔላው ብዛቱ!» ይላሉ። ስለ ጃንጥላ ሻጩ ለልጃቸው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ አላዘዟትም፣ አላስጠነቀቋትም። ከትናንት በስቲያ፣ ፀሐይ ወጣ ስትል፣ በእንቅልፋቸው እንዳሉ ዐረፉ።

የማለዳ ሰማይ የሚታደስበት የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው።

ዛሬ ጠዋት አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ ልጃቸው ከለቀስተኛው መካከል ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ታናሽ ወንድማቸውም ምን ልትሆንብን ነው ብሎ ተከተላት። ስልኩን ይዛ ቆማ ነበር። ዝም ብትል የአባቷ ስም ወደ ቤቱ ለመመለስ ጥቂት ሳምንት ብቻ ይበቃው ነበር፤ በዚህች በሐዘን ቀን ስልክ አልደወለችም ብሎ የሚወቅሳትም አልነበረም። ደወለች። ጃንጥላ ሻጩ ድምፅዋን እንደ ሰማ «እትዬ ዛሬ የት ሄዱ?» አለ፤ እሷም «ዛሬ እያረፉ ነው» አለችው። ሰውዬውም «በየዓመቱ እያደከምኳቸው ሳፍር ነው የኖርኩት፤ በይ ልጄ፣ ደንቡ የሚፈቅደውን ያህል፣ ለዐሥር ዓመት አድሺልኝ፤ እትዬ ከእንግዲህ ስለ እኔ አያስቡ» አላት። ልጅቷ ስልኩን አስቀምጣ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ከት ብላ ሳቀች፤ የእናቷ ሳቅ ነበር። ከዚያም ኮምፒውተሯን ከፍታ ስሙን በገዛ እጇ ለዐሥር ዓመት አደሰችለት።

ጃንጥላ ሻጩ የማንን ስም እንደያዘ እስከ አሁን አያውቅም፤ በመካከላችሁም የለም። ይህን የሰማችሁ ሁሉ እንዳትነግሩት አደራ እንላለን፤ እሳቸው ይህን ሁሉ ዓመት የቻሉትን እኛ በአንድ ቀን ወሬ አናፍርሰው። ዝናብ ሲመጣ ግን ከሱ ጃንጥላ ብትገዙ እትዬ ነጥብ ደስ ይላቸዋል።

እትዬ ነጥብ በሥጋ ሞት ሲለዩን አንድያ ልጃቸውን፣ ከልጅነት እስከ ሽምግልና ሲያሾፍባቸውና ሲያሾፉበት የኖረውን ታናሽ ወንድማቸውን፣ ዛሬ ሱቁን ዘግቶ ከሳጥኑ አጠገብ የቆመውን ቁልፍ ቀራጭና በያሉበት ሆነው የስልካቸውን መደወል የሚጠብቁ ብዙ ደንበኞቻቸውን ትተው ነው። ሰው ከመቃብር በላይ የሚቀረው ስሙ ነው ይባላል፤ እሳቸው የራሳቸውን ትተው የሌላውን ሲጠብቁ የኖሩ ናቸውና የእሳቸውን ስም መጠበቅ የእኛ ተራ ነው።

የሰማይና የምድር ጌታ፣ የፍጥረትን ሁሉ ስም ያለ መዝገብ የሚያውቅ አምላክ፣ የደከመች ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ለልጃቸውና ለሁላችን መጽናናትን ይስጥ። በዚያ ረጅም መንገድ ላይም፣ የማለዳ ሰማይ የሚለውን ታፔላ በጣታቸው ሲነኩ በሩ ይከፈትላቸው፤ ከውስጥም፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ የሚያውቁት ድምፅ «ግቢ» ይበላቸው። አሜን።