በወይራ አምባ ወንድ የለም

(ወይራ አምባ ቀበሌ፤ ክረምት ሊገባ ሰሞን፣ ረፋዱ ላይ። የቀበሌው መምህር ልየው የሕዝብ ቆጠራ ወረቀቱን ይዞ ወይዘሮ ዘርትሁን ደጃፍ ላይ ተቀምጧል።)

ዘርትሁን፦ ነገርኩህ እኮ! እኔና ምራቴ እንጉዳይ ነን። ሁለት ሴት። ጻፍና ሂድ።

ልየው፦ እትዬ ዘርትሁን፣ ያ ሞፈር ጭቃው ገና አልደረቀም። ማን አረሰበት?

ዘርትሁን፦ ጎረቤት።

ልየው፦ ከጎረቤትዎ ቤት መምጣቴ ነው። እነሱም ወንድ የለንም አሉ። ማን ያርስላችኋል ብላቸው፣ «ጎረቤት» አሉኝ።

ዘርትሁን፦ ምን ይሁን ታዲያ? ተረዳድተን ነው የምንኖረው።

ልየው፦ እሺ፣ የእንጉዳይ ባልስ?

ዘርትሁን፦ ፈንታሁን ቆላ ወርዷል። ለቀን ሥራ።

ልየው፦ መቼ?

ዘርትሁን፦ ቆይቷል።

ልየው፦ በጣም አይቆይ እትዬ። የእንጉዳይ ሆድ ያስጠይቃል።

ዘርትሁን፦ አፍህን ያዝ! ለክርስትናህ ታቅፌህ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት እኔ ነኝ።

ልየው፦ ይቅርታ። ግን ጎተራው አስነጠሰ።

ዘርትሁን፦ አይጥ ነው።

ልየው፦ እንግዲያው ይማርህ ይበሉት። ሁለተኛ ማስነጠሱ ነው።

ዘርትሁን፦ እሺ፣ አለ! ልጄ ጎተራ ውስጥ ነው። ደስ አለህ? አሁን ምን ልታደርገው ነው?

ልየው፦ ምን አደርገዋለሁ? ስሙን ልጽፍ ነው እንጂ።

ዘርትሁን፦ አትጽፈውም።

ልየው፦ እትዬ፣ ከትናንት ጀምሮ ስዞር ያገኘሁት ሴት፣ ሕፃንና ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ነው። ነፍሰ ጡር ግን በየደጁ ሞልቷል። ይህን ይዤ ወረዳ ስገባ ምን ይሉኛል? የወይራ አምባ ሴት በነፋስ ነው የምትወልደው ልበላቸው?

ዘርትሁን፦ ወረዳን ምን አገባው?

ልየው፦ ሰው ያነሰበትን ቀበሌ ከጎረቤቱ ጋር ሊያጣምሩት ነው። እኛን ከሰፌድ ሜዳ ጋር። ጤና ኬላውም ወደዚያ ይዞራል፣ ነርሷም አብራ ትሄዳለች።

ዘርትሁን፦ ሰፌድ ሜዳ? ከጨሬ ወንዝ ማዶ?

ልየው፦ በካርታው ላይ እኛና እነሱ ተነካክተናል። ጣቴን ባሳርፍበት ሁለታችንንም ሸፈነን።

ዘርትሁን፦ ገደሉስ? ካርታው ገደሉን አያሳይም? ጉልበትህ እስኪንቀጠቀጥ ትወርዳለህ፣ ልብህ አፍህ እስኪደርስ ትወጣለህ። ያውም በበጋ! ጨሬ ከሞላማ ወፍ ብቻ ነው የሚሻገረው።

ልየው፦ ያሳያል። ቡናማ መስመር ነው። እኔም ነገርኳቸው። «ሰዉ ስንት ነው?» ነው መልሳቸው።

ዘርትሁን፦ ምጥ የያዛትን የወርቄን ልጅ ረሱ? ካቻምና፣ ጤና ኬላው ሳይከፈት?

ልየው፦ እነሱ መቼ አይተዋት ይረሳሉ። እኔ ግን ቃሬዛዋን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ወንዙ ዳር ቁጭ ብለን ውሃው እስኪጎድል ጠበቅን። ጎደለ። ያን ጊዜ የምናሻግረው ሰው አልነበረንም።

ዘርትሁን፦ እንጉዳይ የምትወልደው ነሐሴ ላይ ነው።

ልየው፦ ታዲያ ለምን የምለምንዎ ይመስልዎታል?

ዘርትሁን፦ ስማኝ ልየው። አንተ ያኔ አልተወለድክም። እንዳንተ ያለ ለስላሳ ልጅ ወረቀት ይዞ ቤታችን መጣ። እናቴ ከሁላችን አስቀድማ የጠራችው የወንድሜን የማስረሻን ስም ነበር። ኮርታ! ወንድ ልጅ አለኝ ብላ! አዝመራው ሳይሰበሰብ ሰዎች መጡና በስሙ ጠርተው ለዘመቻ ወሰዱት። አልተመለሰም። በዚያ ወረቀት ይሁን በሌላ፣ እኔ አላውቅም። እሷ ግን እስክትሞት «ምላሴ ነው የበላው» እንዳለች ኖረች።

ልየው፦ ይሄ እንደዚያ አይደለም።

ዘርትሁን፦ ማልልኝ።

ልየው፦ እኔ እኮ መምህር ነኝ፣ እትዬ። የነገሩኝን ነው የማውቀው።

ዘርትሁን፦ አየህ? ለመማል እንኳ አልደፈርክም።

ልየው፦ አልደፈርኩም። ነሐሴ ላይ ጨሬ እንደሚሞላ ግን እምላለሁ።

ዘርትሁን፦ እናትህ ቤት ቆጥረሃል?

ልየው፦ አዎ። የጀመርኩትም ከዚያ ነው።

ዘርትሁን፦ ደብሬ ማን ማንን አስጻፈች?

ልየው፦ ራሷን። እህቴን። እኔን።

ዘርትሁን፦ ጌትነትስ?

ልየው፦ ጌትነት...

ዘርትሁን፦ ታናሽ ወንድምህ! ትናንት በሬ ሲነዳ በዚህ በደጄ አልፏል። እሱም ቆላ ወረደ?

ልየው፦ እናቴ እግሬ ላይ ወደቀች። እናት እግር ላይ ስትወድቅ ምን ይደረጋል?

ዘርትሁን፦ እና የኔን ልጅ ጽፈህ የራስህን ወንድም ልትደብቅ ነበር?

ልየው፦ ሌላው ሁሉ ከተጻፈ፣ አንድ ሰው ቢጎድል ምን አለበት ብዬ ነበር።

ዘርትሁን፦ ሁሉም እንዲህ ብሎ ነው ወይራ አምባን ወንድ ያሳጣት። ተነስ።

ልየው፦ ወዴት?

ዘርትሁን፦ እናትህ ቤት ነዋ! መጀመሪያ ጌትነትን ትጽፋለህ፣ ደብሬ እያየችህ። ከዚያ እዚያው ደጃፏ ላይ ቆሜ የፈንታሁንን ስም እነግርሃለሁ።

ልየው፦ እናቴ ትረግመኛለች።

ዘርትሁን፦ ትረግምህ ይሆናል። እኔም ነገ አንዱ መጥቶ ልጄን በስሙ የጠራው እንደሆነ ምን እንደምሆን አላውቅም። ነጠላዬን ላንሳ፤ ጥለኸኝ እንዳትሄድ። ትንሽ ብቻዬን ከቆየሁ ሐሳቤን እቀይራለሁ።